ዕድሜና ደመወዝ በመተማ ቆላ

የመተማ ስም በታሪክ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጦርነት ነው። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሕይወታቸው ያለፈው በዚያ ግንባር ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም፣ በ1933 ዓ.ም. የጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ፣ በብርጋዴር ስሊም ይታዘዝ የነበረው የሕንድ 10ኛ ብርጌድ ጋላባትንና መተማን ከፋሽስት ኢጣሊያ እጅ ለማስለቀቅ ውጊያ የከፈተው እዚያው ድንበር ላይ ነው። ስለ አካባቢው የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የጦር ሜዳ ታሪክ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስላል። ይሁን እንጂ ከገንዳ ውሃ እስከ ኮኪት፣ ከቋራ እስከ ምዕራብ አርማጭሆ የተዘረጋው ቆላ በየዓመቱ ቁጥሩ የበዛ ሰው ከደጋው የሚወርድበት የሥራ ሜዳ ነው። ሰሊጡ፣ ጥጡና ማሽላው በሰው ጉልበት ይታረማል፤ በሰው ጉልበትም ይታጨዳል። የዚህ ጉልበት ታሪክ ግን ገና በቅጡ አልተጻፈም። በተለይም ጉልበቱ ሲደክም ምን እንደሚሆን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በመተማ በወደቁበት በዚያው በ1881 ዓ.ም.፣ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ የጀርመን መንግሥት በቢስማርክ መሪነት የእርጅና መድን ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ ሠራተኛው አበል የሚያገኘው 70 ዓመት ሲሞላው ነበር፤ ወደ 65 ዝቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። የሁለቱ ድርጊቶች መገጣጠም ምሥጢር የለውም። ነገር ግን እርጅናን መንግሥት በቁጥር ሊወስነው ይችላል የሚለው አሳብ ከጀርመን ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። አሳቡ በሕግ መልክ ኢትዮጵያ እስኪደርስ ከ70 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። መተማ ሲደርስ ደግሞ ከሠራተኛው ሁሉ ጥቂቱን ብቻ አግኝቶ ብዙውን አልፎት ሄደ።

ሕጉ ከመምጣቱ በፊት ቃሉ ነበረ። ጡረታ የሚለው ስም የተገኘው «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው፤ መጦር ማለትም ያረጀ ወላጅን ማብላት፣ ማልበስና ማስታመም ነው። «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው አነጋገር እንደሚያስረዳው ግዴታው የልጅ ነበር፤ ልጅ የሌለው ሰው ሲያዝን የሚያዝነውም ለዚሁ ነው። ከልጅ ቀጥሎ ደግሞ ርስት ነበረ። በቤጌምድርና ስሜን ደጋ ባለርስቱ ሲያረጅ መሬቱን ለልጁ ወይም ለተጋዳሪ ሰጥቶ ከምርቱ እየተካፈለ ይኖራል፤ ከሥራ የሚሰናበትበት ቀን አይቆረጥለትም። መንግሥትን ላገለገለ ሰውም ክፍያው በብዛት መሬት ነበር። ማደሪያ የሚባለው መሬት በደመወዝ ፈንታም በጡረታ ፈንታም ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአገልግሎት ዘመንና በዕረፍት ዘመን መካከል የተሰመረ ግልጽ ወሰን አልነበረም።

ወሰኑን ያሰመረው በ1953 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ድንጋጌ ቁጥር 46፣ ከዚያም እርሱን ተከትሎ በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ነው። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛው ከወር ደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ ያዋጣሉ። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የሚከፈል አበል ያገኛል፤ ከዚያ ያነሰ ያገለገለ አንድ ጊዜ ዳረጎት ተከፍሎት ይሰናበታል። ዘመኑ የማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ዘመን ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በዚያው ሰሞን ነው፤ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲቱት ከዚያ 10 ዓመት ያህል ቀድሞ ሥራ ጀምሯል። ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ሥልጠናና ጡረታ በአንድ ሥርዓት ሊያያዙ ታሰበ። በሠራተኛ አስተዳደር ሙያ ለተሰማራ ሁሉ ይህ ትልቅ እርምጃ እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

ታዲያ በመተማ ይህ ሥርዓት ያቀፈው ማንን ነበር? የጉምሩክ ሹሙን፣ ፖሊሱን፣ መምህሩን፣ የጤና ረዳቱንና የፖስታ ቤት ጸሐፊውን ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች ወደ እንዲህ ያለ ቆላ ሲመደቡ ቋሚ መደብ ነበራቸው። በ1950ዎቹ የወባ ማጥፊያ ድርጅት በተስፋፋ ጊዜ ግን መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ ከቤት ቤት የሚዞረው ሠራተኛ በአብዛኛው ለወቅቱ ብቻ የሚቀጠር ነበር። ቀጣሪው መንግሥት፣ ሥራውም የሕዝብ ሥራ ነው፤ የሠራተኛው ስም ግን በጡረታ መዝገብ የለም። በቋሚና በጊዜያዊ መካከል የተሰመረችው ይህች መስመር በመተማ ታሪክ ውስጥ ከሱዳን ድንበር ያላነሰ ሰውን ከሰው ስትለይ ኖራለች።

ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ሠራተኛ በጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ 55 ዓመት ነበር። በጊዜው ይህን ቁጥር የተቃወመ ጥቂት ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዕድሜ ያን ጊዜ ከ40 ዓመት ብዙም የማያልፍ ስለ ነበር፣ 55 ሩቅ መስሎ ይታይ ነበር። ከዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ያ ዝቅተኛ ግምት የመጣው በአብዛኛው ከሕፃናት ሞት ነው። ከልጅነት በሽታ ተርፎ ለሥራ የደረሰ ሰው 55 ዓመት ሲሞላው ገና ብዙ የሥራ ዘመን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አዛውንቱን መምህር ገና ማስተማር ሲችል ያሰናብተው ነበር፤ ለዚያውም መምህር በጠፋበት ጠረፍ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 345 መውጫውን ወደ 60 ከፍ ያደረገው ከረጅም መዘግየት በኋላ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። በአንድ በኩል የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ሲሆን በሰቲት ሁመራና በአካባቢው ቆላ በትራክተር ያርሱ የነበሩት ባለሀብቶች እርሻቸውን አጡ። በሌላ በኩል ደግሞ የመንግሥት የሆኑ ድርጅቶች ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 49 በጡረታ ሕግ ውስጥ ገቡ። በመንግሥት እርሻ ላይ የሚሠራ ትራክተር ነጂ፣ መካኒክ ወይም መጋዘን ጠባቂ ከዚያ በፊት ያልነበረውን መብት አገኘ። ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ነገር ግን አራሚውና አጫጁ እንደ ቀድሞው ጊዜያዊ ሆነው ቀሩ። ቀጥሎም በኢዲዩ ጊዜ መተማና ሁመራ የጦርነት ቀጣና ሆኑ፤ ከደጋ የሚወርደውም ሠራተኛ ለጥቂት ጊዜ መንገዱ ተዘጋበት።

የሰሊጥ ደመወዝ

የቆላውን ሠራተኛ ዕድሜ ለመረዳት የሰሊጥን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰሊጥ ፍሬ ከታች ወደ ላይ ነው የሚደርሰው። የላይኛው ገና ለጋ ሳለ የታችኛው ቆባ ደርቆ ሊከፈት ይቃረባል፤ ከተከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይበተናል። ስለዚህ ቅጠሉ ሲገረጣ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ይከመራል፤ ከደረቀ በኋላ በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ማረሱንና መዝራቱን ትራክተር ይሠራዋል፤ አጨዳው ግን የእጅና የወገብ ሥራ ነው። ባለእርሻው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት እጅ ካላገኘ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይፈስሳል። የቆላ የሥራ ገበያ ጥድፊያ፣ የደላላው መብዛት፣ የደመወዙ መውጣትና መውረድ ሁሉ ምንጩ ይኸው ነው።

ሥራው ከቀን ሒሳብ ይልቅ ብዙ ጊዜ በቁርጥ ይሰጣል። አንድ ቡድን በካቦው ስም ይህን ያህል መሬት ለማረም ወይም ለማጨድ ይዋዋላል፤ ሲጨርስ የተቆረጠለት ይከፈለዋል። ካቦ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሰዎቹ ሄደው ቃሉና ሥልጣኑ ቀርቷል። በቁርጥ ሥራ ጎበዝ ይጠቀማል። የ20 ዓመት ወጣት ፀሐይ ሳትከር ተነሥቶ፣ ቀትር ላይ ጥቂት ዐርፎ እንደገና ሲያጎነብስ፣ የ45 ዓመቱ ሰው ግማሹን ቢያደርስ ደህና ነው። የቡድኑ ሒሳብ በእኩል የሚካፈል ከሆነ ወጣቶቹ «እኛ ስንሠራለት» ይላሉ፤ በየሥራው የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ሽማግሌው በራሱ እጅ ደመወዙን ሲያሳንስ ያየዋል። በዚህ ዓይነት አከፋፈል ማንም ሰውን «አርጅተሃልና ውጣ» አይለውም። መውጫ ዕድሜውን የሚወስነው ቁርጡ ነው፤ እርሱም 55 ወይም 60 እስኪሞላ አይጠብቅም።

በሽታውም ዕድሜን ያሳጥራል። ወባ የታወቀ ነው። ካላ አዛር ደግሞ ከሁመራ እስከ መተማ ባለው ቆላ በተለይ የወቅት ሠራተኛውን የሚያጠቃ፣ ስፕሊንን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ስለምትኖር፣ በሜዳ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ዋና ሰለባ ነው። የጎንደር ሆስፒታል ብዙ በሽተኞችን ሲያክም ኖሯል። ከበሽታው የዳነ ሰው ግን የቀድሞ ጉልበቱን ይዞ ወደ ቁርጥ ሥራ መመለስ ያስቸግረዋል። በሽታው በሥራው ምክንያት የመጣ መሆኑ ቢታወቅም፣ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበት አሠሪ ለይቶ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሰውዬው በአንድ ወቅት ውስጥ በሦስት እርሻ ላይ ሊያድር ይችላልና።

ጉልበቱ የደከመው ሠራተኛ ሁልጊዜ ከቆላው አይወጣም። ሳሉግ የሚባሉት፣ ከደጋ ወርደው ዓመት እስከ ዓመት በቆላው የሚቆዩትና ሥራውን የለመዱት፣ ብዙዎቹ ወደ ቀላል ሥራ ይሸጋገራሉ። አንዱ ለቡድኑ ውሃ ይቀዳል፣ አንዱ ቂጣ ይጋግራል፤ ሌላው የሰሊጥ ክምር ወይም መጋዘን ይጠብቃል። ማሽላው ሲያፈራ በማማ ላይ ተቀምጦ ወንጭፍ እያስጮኸ ወፍ የሚከላከል ሽማግሌም አለ። እነዚህ ሥራዎች አስፈላጊ ናቸው፤ ክፍያቸው ግን አነስተኛ ነው፤ ለብዙዎቹም ምግብና ማደሪያ የደመወዙን ቦታ ይይዛል። የሚገርመው፣ የሰሊጡ ቅጠል በየትኛው ቀን እንደሚታጨድ፣ ነዶው እንዴት ቢቆም ነፋስ እንደማይጥለው፣ የትኛው መሬት ውሃ እንደሚቋጥር አብልጦ የሚያውቀው ይኸው ማማ ላይ የተቀመጠው ሰው መሆኑ ነው። ዕውቀቱ ዋጋ አልተቆረጠለትም።

ይህ ችግር የመተማ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1972 ዓ.ም. ስለ አዛውንት ሠራተኞች ባወጣው የምክር አሳብ ቁጥር 162 ላይ፣ የአከፋፈል ዘዴ የሥራን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ዕውቀትንና ልምድንም እንዲያመዛዝን፣ በሥራ ውጤት የሚከፈለው አዛውንትም በጊዜ ወደሚከፈልበት ሥራ የሚዛወርበት መንገድ እንዲታሰብ ጠይቋል። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የድርጅቱ አባል ናት። የምክር አሳብ ግን አስገዳጅ ውል አይደለም። በፋብሪካ ላሉ ሠራተኞች የተጻፈ የሚመስለው ያ አንቀጽ ለሰሊጥ አጫጅ ይበልጥ እንደሚስማማ ያስተዋለ ያለ አይመስልም።

ወደ ማሳ መመለስ

የደጋው ሰው ለምን ያለ ጡረታ ለብዙ ዘመን ወደ ቆላ ሲመላለስ ኖረ ቢባል፣ መልሱ በደጋ ያለው ማሳው ነው። ቆላው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነበር፤ ለግብር፣ ለልብስ፣ ለሠርግና ለበሬ መግዣ። እርጅናውን የሚያሳልፈው ግን በማሳው ላይ፣ በልጆቹ መካከል ነው። ከ1967 በፊት ርስቱ፣ ከዚያም ወዲህ ከገበሬ ማኅበሩ የደረሰው መሬት ይጠብቀው ነበር። ባለእርሻው ስለ ሽማግሌ ሳይጨነቅ የወጣት ጉልበት ብቻ ሊገዛ የቻለው የደጋው ማሳ የጡረታውን ወጪ ስለ ተሸከመለት ነው። ይህ ወጪ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ ነገር ግን የቆላው ትርፍ አንዱ ምንጭ ነበር።

ይህ ሚዛን የተናጋው በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የገጠር መሬት እንደገና ከተደለደለ በኋላ ነው። ድልድሉ ለብዙዎች መሬት ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ ግን ይህን የመሰለ አጠቃላይ ድልድል ስላልተደገመ፣ ያን ጊዜ ለአካለ መጠን ያልደረሰው ልጅ ከወላጁ ካልወረሰ ወይም ካልተከራየ በስተቀር የራሱ ማሳ ሳይኖረው አደገ። በ1989 የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ሰው በ2018 ዓ.ም. 44 ዓመት ይሆነዋል። በመተማ የቁርጥ ሥራ አቈጣጠር ይህ የሽምግልና መጀመሪያ ነው። አባቱ ከቆላ ሲመለስ የሚጠብቀው ማሳ ነበረው፤ ይህኛው ሲመለስ የሚያገኘው የአባቱን ማሳ ከወንድሞቹ ጋር ተሸንሽኖ ነው። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በመንግሥት ፕሮግራም ከተጎዳው ደጋ ወደ መተማና ቋራ የሰፈሩት ቤተሰቦች በቆላው የራሳቸውን መሬት አግኝተዋል። ለሌላው ግን ቆላው ሥራ እንጂ ማረፊያ አልሆነም።

በዚህ ጊዜ ነበር የጡረታው ሕግ ወደ ግሉ ክፍል የተሻገረው። በ2003 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች አብረው ወጡ፤ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች። መዋጮው ደረጃ በደረጃ ከፍ ብሎ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ደረሰ። የግል እርሻ ሠራተኛ በሕግ ፊት የጡረታ ባለመብት ሊሆን የቻለው በዚህ አዋጅ ነው። ሆኖም አዋጁ የሚያቅፈው ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረውን ነው። አረሙን በአንዱ፣ አጨዳውን በሌላው ዘንድ የሚሠራ ሰው በአንድ አሠሪ ሥር 45 ቀን ሳይሞላ ወቅቱ ያልቅበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጎቹም፣ የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 ሆነ የ2011ዱ ቁጥር 1156፣ በየዓመቱ ቢደጋገምም በተወሰነ ወቅት ብቻ የሚሠራን ሥራ ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ውል ውስጥ መድበውታል። አንዱ ዓመት ከሌላው አይቀጠልም።

ሒሳቡን እስከ መጨረሻው መከተል ይጠቅማል። አንድ ሠራተኛ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ለአንድ አሠሪ 3 ወር ይሠራል፣ አሠሪውም በትክክል መዝግቦ መዋጮውን ይከፍላል እንበል። ለጡረታ የሚያበቃው ዝቅተኛ አገልግሎት 10 ዓመት፣ ማለትም 120 ወር ነው። ይህን ለመሙላት 40 ዓመት ያስፈልገዋል። በ20 ዓመቱ ሥራ የጀመረ ሰው ልክ 60 ዓመት ሲሞላው ይደርስበታል፤ ያውም አንድ ወቅት በወባ ካልተኛ፣ አንድ ዓመት ዝናብ ካልቀረ፣ አንድ ጊዜ መንገድ ካልተዘጋ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው የአማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ነው። መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማራ ሰው በፈቃዱ ሊገባ እንደሚችል አዋጁ በር ከፍቷል። ነገር ግን በፈቃዱ የሚገባ ሰው ቋሚ አድራሻ፣ የማያቋርጥ ገቢና ዕድሜውን የሚያስረዳ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ዛሬ በማማ ላይ ያለው ሰው የተወለደበትን ዘመን የሚያውቀው በወቅቱ በደረሰው ድርቅ ወይም ጦርነት ነው።

በቢሮ በኩል ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። የመንግሥት ሠራተኛ አገልግሎቱ ከ60 ዓመት በላይ ሊራዘም እንደሚችል የሲቪል ሰርቪስ ሕጎች ይፈቅዳሉ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት፣ በጠቅላላው እስከ 10 ዓመት። ለማራዘም ግን ሙያው አስፈላጊ መሆኑ፣ ተተኪ አለመገኘቱና የጤንነቱ ማስረጃ ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲና በሆስፒታል ላለ ባለሙያ ይህ የተለመደ ነው። በጠረፍ ወረዳ ላለ መምህር ወይም ጸሐፊ ግን አሠራሩ ሩቅ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ተተኪ የሚፈልገው ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው።

ሥልጠናም ይህን ልዩነት አስፍቶታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ እንዲያድጉ ሲወሰን፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በክረምት ነበር። ከመተማ ጎንደር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ጉዞው ይከብዳል። ወጣቱ መምህር ሄዶ ተምሮ በደመወዝም በእርከንም አደገ። 50 ዓመት የሞላው «ለጥቂት ዓመት ብዬ» እያለ ቀረ፤ የበላዩም ለዚሁ ለጥቂት ዓመት ገንዘብ ማውጣት አላስፈለገውም። ቀጥሎ በመጣው የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ የሥራ መደቦች በትምህርት ደረጃ ሲደለደሉ፣ በልምድ ያደጉት ብዙ ነባር ሠራተኞች ከነበሩበት መደብ ዝቅ ብለው ተመደቡ። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለ ሆነ፣ በ55 ዓመት የተነፈገ ሥልጠና ሰውን እስከ ዕለተ ሞቱ ይከተለዋል።

በዚህ ላይ የበረሃ አበል ነገር አለ። እንደ መተማ ባሉ ሞቃት ቦታዎች የሚያገለግል የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ በላይ አበል ይከፈለዋል፤ ተገቢም ነው። አበሉ ግን የደመወዝ ክፍል ተደርጎ ለጡረታ አይታሰብም። ለምሳሌ ያህል፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው አማካይ ደመወዙ 4,000 ብር ቢሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 714 ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 15 ዓመታት በየዓመቱ 1.25 በመቶ ተደምሮ 48.75 በመቶ፣ ማለትም 1,950 ብር ያገኛል። የበረሃ አበሉ 30 በመቶ ነበረ ቢባል፣ ሲኖርበት የነበረው ገቢ 5,200 ብር ነው። ጡረታው ከለመደው ገቢ 37.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። በደጋ ከተማ ያገለገለው እኩያው የሚያገኘው ጡረታ ከእርሱ አያንስም፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በወባ የታመመው ግን ይኸኛው ነው።

በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ዋጋ ከአንድ ዶላር 2.07 ወደ 5 ብር ሲወርድ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ አስቀድሞ የተሰላው ጡረታ ምን እንደሚገዛ ለማንም ግልጽ ነው። በድንበር ከተማ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ በመተማ ዮሐንስ ገበያ ብዙው ዕቃ ከሱዳን የሚሻገር ነውና። አንዳንድ ጡረተኛ ወደ ንግድና ወደ ጥበቃ ሥራ የሚገባው ሥራ ስለ ናፈቀው አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. በአልፋሽጋ መሬት በተነሣው ግጭት በምዕራብ ጎንደር ድንበር ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን አርሶ አደሮች ከእርሻቸው ተፈናቀሉ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የመተማ ኬላ የስደተኛ መግቢያ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የአማራ ክልል ራሱ በግጭትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ገባ። በእንዲህ ያለ ዘመን የወቅት ሠራተኛው እንደ ልቡ ሊመላለስ አይችልም። በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዲሶቹ የጡረታ አዋጆች፣ ቁጥር 1267 እና 1268፣ መውጫ ዕድሜውን በ60 አጽንተውታል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተናግሯል። ሁለቱም ሕጎች የሚያውቁት ወር የሚቆጥርለትን ሠራተኛ ነው።

አጨዳ ሲቃረብ ደጋው በአይሱዙ ተጭኖ ገንዳ ውሃ ይወርዳል። ካቦው ቡድኑን ሲመርጥ መታወቂያ አያገላብጥም፤ ዕድሜም አይጠይቅም፤ የሰውዬውን ትከሻና መዳፍ ያያል። ሳይመረጥ የቀረው ጎልማሳ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ሲመሽ ባለእርሻው ለማማ የሚሆን ሰው ይፈልግ እንደ ሆነ ይጠይቃል።